ወተት የሸፈነው ስም

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ያ ወንበር እግሩ ልል ነው፤ አንቺ ከጎኔ ሁኚ። እናንተም ጫማችሁን አራግፉና ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። ዛሬ ጆጉን ከመደርደሪያው ያወረድኩት ከየት እንደ መጣ ልነግራችሁ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ እጀታው እንደ መርከብ ገመድ የተጎነጎነ፤ ዙሪያውን ሰማያዊ አበባ፣ መሃሉ ላይ ሸራዋን የወጠረች ትንሽ ጀልባ። ስንጥቅ የለበትም። ስንት ሠርግና ስንት ክርስትና አሳልፎ ስንጥቅ አለመኖሩ ራሱ ይገርመኛል።

ያኔ እኔ ዶርካስ ወገቤ ያልጎበጠ ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማችን ሎውስቶፍት፣ ከባሕሩ ዳር ሽቅብ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ላይ የፖርሴሊን መሥሪያ ነበር። የሚሠራው ስስና ነጭ፣ የጌቶች ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ዕቃ ነው። ከተማው ግን «ጭቃ ቤት» ነበር የሚለው፤ እኛንም «የጭቃ ቤት ሴቶች»። ወንዶቹ ጭቃውን ያበጃሉ፣ እቶኑን ያነዳሉ። እኛ ሴቶቹ መስኮቱ ሥር በረድፍ ተቀምጠን አበባ እንስልበታለን።

ኬዛያ ከእኔ ቀጥላ ነበር የምትቀመጠው። አባቷ መረብ ጠጋኝ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከእህቶቿ ጋር እየተገፋፋች ነው ያደገችው። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ ናት፤ ሲያስቃት ግን አፏን በሽርጧ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። እጇን ብታዩት። ሌላው ሰው አበባ ይስላል፤ እሷ የሳለችው ላይ ግን ንብ መጥቶ ቢያርፍ አይገርማችሁም ነበር።

በየማለዳው በዚያ መስኮት ፊት ለፊት ጄቤዝ ኮልቢ ያልፋል። ኮልቢ ማለት በዚያ ዘመን ሄሪንግ ማለት ነው፤ ከተማችንን የሚያበላው ያ ትንሽ ዓሣ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ጀልባዎቹንም፣ ዓሣ በጭስ ማድረቂያውንም፣ ወንዶቹንም የምታዘው እናቱ እመቤት ኮልቢ ናት። ልጇ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ በነፋስ የቀላ፣ አፉ ግን እንደ ባሕር ዛጎል የተዘጋ ሰው ነበር። ከባሕር ወደ ቤቱ ሌላ አጭር መንገድ ነበረው። በእኛ መስኮት በኩል ግን ዞሮ ይሄዳል።

«ኬዛያ፣ ያንቺ ሄሪንግ እየዋኘ ነው» ትላለች አንዷ።

«እስቲ ቀና በይለት። አንገትሽ አይሰበር።»

«ተይዋት፤ ቀና ካለች አበባው አምስት ቅጠል መሆኑ ቀርቶ ስድስት ይሆናል።»

«ተዉኝ ሥራዬን ልሥራ» ትላለች ኬዛያ፣ ብሩሿ ግን አየር ላይ ቆሟል። እሱ የሚያያት እሷ ስታቀረቅር ነው። እሷ የምታየው እሱ ካለፈ በኋላ ጀርባውን ነው። እኛ በመሃል ተቀምጠን ሁለቱንም እናያለን። ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠሙ እንዲህ የሚተያዩ ሁለት ሰዎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሲያልፍ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ሙቀት ይቀር ነበር፤ የእሷ ሆኖ ለሁላችንም የሚደርስ።

•

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኬዛያና እኔ ባሕሩ ዳር እየሄድን ሳለ ጄቤዝ ደረሰብን። እኔ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ አስመስዬ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ጆሮዬን ግን አላስቀረሁም።

«ኬዛያ።»

«አቤት።»

«ጆግ ላሠራ ነው።»

«ጥሩ ነዋ። አለቃችን ደስ ይለዋል።»

እንደምታውቁት በእኛ አገር ሊያገባ ያሰበ ሰው የሁለቱ ስም የተጻፈበት ጆግ ያሠራል፤ በሠርጋቸው ቀን ሙሽሮቹ ከዚያው ይጠጣሉ። ስለዚህ ጆግ ላሠራ ነው ማለት ምን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። ኬዛያ ዓይኗን ባሕሩ ላይ ተከለች። ጉንጯ ግን ቀላ።

«የማን ስም ይጻፍበት?» አለች በመጨረሻ፣ ልክ ዕቃ እንደሚያዝ ሰው አድርጋ።

«አንዱ የእኔ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውን ለምትስለው ልጅ ትቼዋለሁ። አለቃሽን አንቺ እንድትስዪው ብዬ አዝዤዋለሁ። ልብሽ ከፈቀደ ከስሜ ጎን የሚጻፈውን ታውቂዋለሽ። ካልፈቀደም ቦታውን ነጩን ተዪው። አልቀየምም።»

«ትቀየማለህ።»

ትንሽ አሰበ። «እቀየማለሁ። ግን አልናገርም።»

ኬዛያ ሽርጧን ፈልጋ አጣች፤ እሑድ ነዋ። አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ሳቋ ቀረና፣ «እናትህስ?» አለች።

«እናቴ የጎረቤት ከተማውን፣ የያርማውዙን ገመድ ሠሪ ልጅ ትፈልጋለች። ገመድ በርካሽ ይመጣልናል ትላለች።»

«እውነቷን ነው። ከእኛ ቤት የሚመጣላት የተቀደደ መረብ ነው።»

«ኬዛያ፣ እኔ የገመድ ሱቅ አይደለሁም» አላት።

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም ደንግጠው ወዲያው ሌላ ቦታ አዩ። እሱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

«አንቺ ቂል፣ ለምን እዚያው እሺ አላልሽውም?» አልኳት።

«አፌ ፈራ» አለችኝ። «የእናቱ ቤት በር መግቢያ የእኛን ቤት ያህላል ዶርካስ። እሱን ሳስብ አፌ ይደርቃል። እጄ ግን አይፈራም። እጄ ይመልስለታል።»

ወደ ቤት ስንመለስ አንድም ቃል አልተናገረችም። በእጇ ግን አየሩ ላይ ፊደል ትጽፍ ነበር፤ እሷ ያላየሁ መስሏት።

•

እንግዲህ ጭቃ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ ይምላል። ምን ከምን እንደሚቀየጥ፣ ዕቃው ስንት ጊዜ እሳት እንደሚገባ፣ በመሃሉ ምን እንደሚሆን ከበሩ ውጪ አይነገርም። ለባልም፣ ለእናትም፣ ለቄስም። ዛሬ መሥሪያው ተዘግቶ፣ እቶኑ ፈርሶ፣ ያስማሉን ሰዎች ሁሉ አፈር ለብሰዋል፤ ያቺ መሐላ ከእነሱ ጋር ተቀብራለች። ለዚህ ነው የምነግራችሁ።

ዕቃው ከመጀመሪያው እሳት ሲወጣ እንደ ኖራ የደረቀ ነው። በዚያ ላይ እንስላለን። ሰማያዊ የሚሆነው ቀለም ከብሩሹ ሲወርድ እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው። ስለን ስንጨርስ ደግሞ «ወተት» የምንለው ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ የደከማችሁበት ሁሉ ይጠፋል። አበባው የለ፣ ጀልባው የለ፣ ስሙ የለ። ማንም እጁን ያላሳረፈበት ይመስላል። ሁለተኛው እሳት ነው ወተቱን አቅልጦ እንደ መስታወት የሚያጠራው፣ ጥቁሩንም ሰማያዊ የሚያደርገው። አዲስ የገቡ ልጆች ሥራቸው ወተት ውስጥ ሲገባ ያለቅሳሉ። እኔም አልቅሻለሁ፤ እቶን ነጂው ጋሽ ኦባዳያ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «ልጄ፣ ተሸፈነ እንጂ አልሞተም» ነበር ያለኝ።

ሰኞ የጄቤዝ ጆግ ኬዛያ ፊት ተቀመጠ። ባለ ገመድ እጀታ ጆግ ከዚያ በፊት ተሠርቶ ስለማያውቅ ሁሉም እየመጣ ይነካካዋል። እሷ አበባዎቹን ሳለች፤ ጀልባዋን ሳለች። ቀጥላ ጄቤዝ ብላ ጻፈች፤ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት። ከዚያ ብሩሿን አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና አጥባ፣ ትንፋሿን ያዘችና ከጎኑ ኬዛያ ብላ ጻፈች። ከሁለቱ ስም ሥር ደግሞ መሃል ላይ ኮልቢ።

«የአባትሽን ስም ትተሽ?» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«የእሱን ልወስድ አይደል? ምን ያደርግልኛል።» ይህን ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘችው። ጣቶቿ ላይ የነበረው ጥቁር ቀለም ጉንጯ ላይ ታተመ፤ እስከ ማታ ማንም አልነገራትም። እንዲህ ያማረባት ቀን አልነበረም።

•

ጆጉ ወተት ውስጥ ተነከረ፤ ሳንቃ ላይ ደረቀ፤ እንደ ሌላው ሁሉ በሸክላ ሳጥን ሆኖ እቶን ገባ። በሩ በጡብ ተዘጋ። ታዲያ ኬዛያ ጄቤዝ እንዲያልፍ በመስኮቱ ብትጠብቅ ጄቤዝ አላለፈም። በማግስቱም አላለፈም። ሴቶቹ መጀመሪያ «ሄሪንግሽ የት ገባ? ሌላ መረብ ገባ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከዚያ ቀልዱን ተዉት። ቀልዱ ሲቀር ነው ያመማት።

ዓርብ ዕለት አንዷ ወሬውን ይዛ መጣች። ጄቤዝ የእናቱን ሐሳብ ተቀብሏል። ቅዳሜ ጠዋት ከእናቱ ጋር ያርማውዝ ሄዶ ለገመድ ሠሪው ቃሉን ይሰጣል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ ነው፤ የሚያፈርሰው ሰው በሁለቱም ከተማ ቀና ብሎ አይሄድም።

ኬዛያ ሰማችና ብሩሿን አነሳች። ያን ቀን እስኪመሽ ሳህን ላይ ቅጠል ስትስል ዋለች፤ አንዲት ቅጠል እንኳ አልተሳሳተችም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁላት። ስንወጣ ብቻ፣ «እናቱ አሸነፈች ማለት ነው» አለችኝ። «አትፍረጂበት ዶርካስ። ገመድ በየቀኑ ያስፈልጋል።»

ቅዳሜ በማለዳ ወደ ሥራ ስገባ ጋሽ ኦባዳያ እቶኑ ደጃፍ ተቀምጦ ዳቦና አይብ ይበላል። እሳቱ ሞቷል፤ እቶኑ ግን ገና ግለቱን አልጨረሰም፤ ከሰኞ በፊት አይከፈትም። ከግለቱ ሳይበርድ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰነጠቃል።

«ዶርካስ» አለኝ እያኘከ፣ «ያ የኮልቢ ልጅ ታሟል እንዴ?»

«ምነው ጋሼ?»

«እቶኑ ከመዘጋቱ አንድ ቀን በፊት በጀልባቸው የመጣውን ከሰል ሊያራግፍ እዚህ ግቢ ገባ። የወተት ቤቱ በር ተከፍቶ ነበር። ሳንቃው ላይ የተደረደረውን አየና ያን ባለ ገመድ እጀታ ጆግ ሲያይ ድርቅ አለ። ፊቱ እሳት እንዳላየ ጭቃ ሆነ። ቢራ ቀዳሁለት፤ ሳይቀምስ ሄደ። ስንት ዘመን እዚህ ከተማ ስኖር ኮልቢ ቢራ ጥሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጄቤዝ ያየው ወተት የለበሰውን ነው። አበባ የለ፣ ጀልባ የለ፤ የእሷ ስም ይቅርና የእሱም ስም የለ። ነጭ። «ካልፈቀደ ነጩን ተዪው» ብሎ ራሱ ነው የነገራት፤ ነጩንም በዓይኑ አየ።

ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በጆሮዋ ነገርኳት። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የሳቀች መሰለኝ። ሽርጧን ከፊቷ ላይ ሳወርደው ግን በእንባ ርሷል። «ስለዚህ አልተወኝም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የተውኩት መስሎት ነው።» በዚያ ሁሉ እንባ መሃል እንዴት ያለ ደስታ እንደነበረ እኔ ነኝ የማውቀው።

•

ሽርጣችንን እንኳ ሳንፈታ በዚያ ጠባብ መንገድ ቁልቁል ሮጥን። የኮልቢ ቤት ደጅ ጋሪው ቆሟል። እመቤት ኮልቢ በጥቁር ቀሚሷ እላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ ሥር ለአማቶቹ የሚወሰድ አንድ ሳጥን በጭስ የደረቀ ሄሪንግ አለ። ጄቤዝ ከጎኗ ተቀምጦ የፈረሱን ልጓም ይዟል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሊሰቀል የሚሄድ ሰው መስሏል።

«ጄቤዝ፣ አንዴ ውረድ» አለች ኬዛያ እያለከለከች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች እናቱ። «ጭቃ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ፣ በሽርጥ የምትሮጡት?»

ጄቤዝ አልወረደም። የፈረሱን ጆሮ እያየ ተናገረ። «መልስሽን አይቻለሁ ኬዛያ። አልናገርም ብዬሽ ነበር፤ አልተናገርኩም።»

«ተቀይመሃል።»

«ያንቺን ስም መተው መብትሽ ነው። የእኔን ግን እንድትጽፊው ታዘሽ ነበር። ስሜን እንኳ መጻፍ እስኪያስጠላሽ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ጽፌዋለሁ። ያንተንም የእኔንም።»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ነጭ ነው።»

«ነጭ ነው» አለች። «ተጽፎበታልም።»

እመቤት ኮልቢ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ገበያ ላይ ያረጀ ዓሣ ትኩስ ነው ሲሏት የምትስቀው ሳቅ ነው። «ልጄ፣ ወይ ነጭ ነው ወይ ተጽፎበታል። ሁለቱንም ልትሸጪልን ነው?»

ኬዛያ አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብትናገራት ነገሩ ያልቃል። የእኔም ምላስ ያሳክከኝ ነበር። እጄን ያዘችና ጥፍሯ እስኪሰማኝ ጨመቀችኝ። አፏን መልሳ ዘጋች።

«እንዴት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም» አለች። «መጽሐፍ ላይ ምያለሁ። የምነግርህ የራሴን ብቻ ነው። ስምህን በእጄ ጻፍኩ። ከጎኑ ስሜን ጻፍኩ። ከሁለቱ ሥር ኮልቢ አልኩ፣ ማንም ሳያዘኝ። ያን ቀን ባሕሩ ዳር በአፌ ነበር ልመልስልህ የሚገባኝ። ፈራሁ። እናትህን ፈራሁ፣ ይሄን በር ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። መልሴ ግን እሺ ነው። ያን ቀንም እሺ ነበር። አሁን ዓይንህን ማመን ትችላለህ። ወይም እኔን።»

ፈረሱ እግሩን አነሳና ጣለ።

«ቆይ» አለች እመቤት ኮልቢ፣ ሳቋ ጠፍቶ። «አንዲት ቃል ተናግረሽ ልጄን ከጋሪው ማውረድ ትችያለሽ፤ ለአለቃሽ ስለማልሽ ብለሽ ዝም ትያለሽ?»

«ለአለቃዬ አይደለም እመቤቴ። ለእግዚአብሔር ነው የማልኩት።»

እመቤት ኮልቢ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከሽርጧ እስከ ፀጉሯ። ከዚያ ለማንም እንዳልተናገረች ሆና፣ «ባሌ ነፍሱን ይማረውና መረቡን የት እንደሚጥል ለገዛ ወንድሞቼ ሳልናገር ነው ሽበት ያበቀልኩት» አለች። «እናቴ ጠይቃኝ ሳልነግራት ሞታለች።»

ጄቤዝ ልጓሙን ጋሪው ላይ አስሮ ወረደ። ኬዛያ ፊት ቆመ። እንደ ወትሮው ዓይኑን አላሸሸም፤ እሷም አላሸሸችም።

«እናቴ፣ ያርማውዝ አልሄድም» አለ፣ ዓይኑን ከኬዛያ ላይ ሳያነሳ።

«ሰኞ እቶኑ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ቢወጣስ?» አለች እናቱ፤ የእቶኑን መክፈቻ ቀን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«ነጭ ሆኖ ከወጣ የታመመው ዓይኔ ነው። ጽፋለች።»

ኬዛያ ያን ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም። እሱ ንጹሑን መሐረብ አውጥቶ ሰጣትና እንዴት እንደሚያባብላት ግራ ስለገባው ዝም ብሎ ነፋሱን በትከሻው ከለለላት። እኔ አንድ ሰው እንዲህ ሲታመን አይቼ አላውቅም ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት እንደ ዕረፍት ያለ ነገር ነው፤ ረጅም መንገድ ተሸክማ የመጣችውን ሰው የተቀበላት ዓይነት።

«እንግዲያው» አለች እመቤት ኮልቢ ከላይ፣ «ይሄን ሁሉ ሄሪንግ ማን ሊበላው ነው?»

«ጭቃ ቤት የሚራብ አይጠፋም፣ እመቤቴ» አልኩ እኔ።

«አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ፤ ሳጥኑን ግን አወረደችው። «ቆይ፣ አላለቀም። ሰኞ እኔም እመጣለሁ። ጆጉን በእጄ ሳልይዝ አልመርቅም።»

•

ሰኞ እናትና ልጅ ከግቢው በር ውጪ ቆሙ፤ እቶን ሲከፈት የውጪ ሰው አይገባማ። እኛ ውስጥ ነን። ጋሽ ኦባዳያ ጡቡን አንድ በአንድ አነሳ። ሳጥኖቹ ወጡ። የእኛ ሲከፈት ኬዛያ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እኔ ነኝ ያየሁላት።

አበባው ሰማያዊ ሆኖ ፈክቷል። ጀልባዋ ሸራዋን ወጥራለች። ጄቤዝ የሚለው ስም ከብሩሹ አሁን የወረደ ይመስላል። ኮልቢ የሚለውም እንደዚያው። ኬዛያ የሚለው ግን ፈስሷል። ፊደሎቹ ወተቱ ውስጥ ቀልጠው፣ አንዱ ካንዱ ተቀላቅሎ፣ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ደመና ሆነዋል።

«ቀለም አብዝተሽበታል» አለ ጋሽ ኦባዳያ ቀስ ብሎ።

«እንዳይደበዝዝ ብዬ ነው» አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «የእሱን ስጽፍ እጄ ረግቶ ነበር። የእኔን ስጽፍ ነው የበዛው።»

በሕጉ እንዲህ ያለ ዕቃ በመዶሻ ተሰብሮ ጉድጓድ ይጣላል። አለቃችን መዶሻውን አነሳ። ኬዛያ ጆጉን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። አለቃችን አያት፣ እኔን አየኝ፣ መዶሻውን መልሶ አስቀመጠ። «የታዘዘ ዕቃ ነው» አለ። «ያዘዘው ሰው ራሱ ይየው።»

በሩ ላይ ለጄቤዝ ሰጠችው። ቀና ብላ አላየችውም። «ተበላሸብኝ» አለች። «ስሜ ፈሰሰ። ማመንህ እንዳያሳፍርህ ብዬ ነበር፤ አሁን ማንም አያነበውም።»

ጄቤዝ ጆጉን ወደ ብርሃኑ ያዘ። በወፍራም ጣቱ ደመናዋን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሳት፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ ማንበብ የሚማር ልጅ መስመር እንደሚከተል።

«ኬዛያ ይላል» አለ።

«አይልም።»

«እኔ እንዲህ ነው የማነበው።»

እመቤት ኮልቢ እጇን ዘረጋች። «አምጣው እስቲ።» ገለባበጠችው፤ ጥፍሯን ጣል አድርጋ ድምፁን አዳመጠች፤ እጀታውን ያዘችና መዘነችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «የልጄ ስም የቱ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። «ይሄ የተድበሰበሰውስ?»

«የኬዛያ ነው እመቤቴ። እሳቱ አፍስሶባት ነው።»

ጆጉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች። «ለእኔ የልጄም ስም ያው ሰማያዊ ነገር ነው። ነጭ ግን አይደለም።» ጆጉን ለኬዛያ ሰጠቻት፤ ለልጇ ሳይሆን ለኬዛያ። «ቢራ ይቀዳበት። ገና ካሁኑ ካፈሰሰ ምን ሊረባን ነው?»

ጋሽ ኦባዳያ ቢራውን ይዞ ወጣ። ጆጉ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ያን ቀን ጄቤዝ ኮልቢ ከጠጣው በላይ የሳቀው ይበዛል፤ ኬዛያ ደግሞ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋት። ጥርሷ እንዲያ የሚያምር መሆኑን ስንት ዘመን ከጎኗ ተቀምጬ አላወቅሁም ነበር።

•

የሄሪንጉ ወቅት ከመግባቱ በፊት ተጋቡ። ከዚሁ ጆግ ጠጡ። እመቤት ኮልቢ ምራቷን እስክትሞት ድረስ «የእኔ አፍ የለሽ» እያለች ትጠራት ነበር፤ መረብ የሚጣልበትንም ቦታ በመጨረሻ የነገረችው ለእሷ ነው ይባላል። ኬዛያ እውነት ይሁን ሐሰት ጠይቄያት ሳቀችብኝ እንጂ አልነገረችኝም። ጄቤዝ በዕድሜ ጠግቦ ከሞተ በኋላ፣ ልጆቿ በየአገሩ ሲበተኑ፣ ጆጉን በሻሽ ጠቅልላ እኔ ጋ አመጣችው። «አንቺ ከወተቱ በፊት አይተሽዋል» አለችኝ። ሻይ ጠጥተን ስለ ድሮ ልጆች አውርተን ሸኘኋት።

ባለፈው በጋ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ጌታ ከለንደን መጥቶ እዚሁ ተቀምጦ ነበር። በማጉያ መስታወት አየው፣ አገላብጦ መረመረው። ከቻይና የመጣ ነው አለኝ። ይህቺን ደመና ደግሞ የቻይና ፊደል ናት፣ ምናልባት ረጅም ዕድሜ ማለት ይሆናል አለ። «አይ ጌታዬ፣ እሷ ሴት ናት» አልኩት። ያረጀሁ መስሎት በትሕትና ፈገግ አለልኝ።

አያችሁ፣ የጄቤዝን ስም ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። የኮልቢንም እንዲሁ። የእሷን ግን፣ እሷም ካረፈች ወዲህ፣ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም እዚህ ወንበር ላይ ለብዙ ጊዜ የምቀመጥ አይደለሁም። ስለዚህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኑና እንደ ጄቤዝ ጣታችሁን እዚህች ደመና ላይ አሳርፉ፤ ቀስ ብላችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር። ኬዛያ ይላል። አንድ ሰው ሲጠይቃችሁ እንዲህ በሉልኝ። አደራ፣ እንዳትረሷት።